ለእንቁጣጣሽ ካልደረሰ ለመስቀል ይደርሳል
በክረምት የልጆችን ክፍል ስንቀባ

ነሐሴ ሲጋመስ ዝናቡ ገና አላባራም፤ በሐዋሳ ብዙ ቤቶች ግን ሶፋው ወደ መሃል ይሳባል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ቀለም ይገዛል። እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ቤቱ መታደስ አለበትና።

እኛም ቤት አምና እንዲሁ ሆነ። የልጆቹን መኝታ ክፍል ከሰዓት በኋላ ቀባን። ማታ ስንነካው ገና እጅ ላይ ይይዛል። "ከሰል አያይዘን ብናስገባ ሌሊቱን ይደርቅ ነበር" አልኩ። አማቴ ሰሙኝና "የምን ከሰል ነው? ቀለሙ ነገም ይደርቃል፤ ልጆቹ እኔ ጋ ይደሩ" አሉ። ምድጃው ደጅ ቀረ።

እውነታቸውን ነበር። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሽታ የለውም፣ በዓይንም አይታይም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። ምልክቱ የታየበትን ሰው ወዲያው ወደ ደጅ አውጥቶ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። የዘይት ቀለምና የማቅጠኛው ተን ደግሞ በቀላሉ እሳት ይይዛል።

ግድግዳም የሚደርቀው በሙቀት ብቻ አይደለም፤ ከቀለሙ የሚወጣው እርጥበት መሄጃ ይፈልጋል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ በመሆኗ ብርዱ እንደ ደጋው አይከፋም። የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው። ስለዚህ ዝናብ ባረፈበት ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ እኩለ ቀን ጨርሱ። ከሰዓቱን በርና መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱት። ሲመሽ ለወባ ትንኝ ሲባል መስኮት መዘጋቱ አይቀርምና ማምሻውን መቀባት ትርፉ ሽታ ታቅፎ ማደር ነው።

ከመቀባታችሁ በፊት ግድግዳውን ፈትሹ። አንድ ቁራጭ ፌስታል ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ ለአንድ ቀን ተዉት። ከውስጥ በኩል ላብ ከያዘ ግድግዳው እርጥብ ነው፤ ብትቀቡትም ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል። ቀድሞ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ወይም ቧንቧ ማስጠገን ይሻላል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠብቅ። ሻጋታ ካለ መስኮት ከፍታችሁ በውሃ በቀጠነ በረኪና እጠቡት፤ በረኪናን ግን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

አሮጌ ቀለም ስትፍቁ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከቤት ይራቁ። የቆየ የዘይት ቀለም ሊድ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን በ2010 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ግድግዳችሁ ላይ ያለው ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። በደረቁ ከመፋቅ ውሃ እያረጠቡ መፋቅ፣ ወለሉንም ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል።

ሽታው እስኪጠፋ ልጆቹ ሌላ ክፍል ይተኙ፤ አያት ጋ ቢያድሩ ደግሞ ለእነሱም በዓል ነው። ዝናቡ አልለቅ ካለም አትጨነቁ። በመስከረም ሰማዩ ይጠራል፤ ለእንቁጣጣሽ ያልደረሰ ግድግዳ ለመስቀል ይደርሳል።