ለሐኪም የነገሩት ምስጢር የት ይደርሳል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። እውነት ነው። ይሁንና ሰው ሕመሙን ሳይሸሽግ የሚናገረው፣ የተናገረው ነገር ከሐኪሙ ክፍል እንደማይወጣ ሲያምን ነው። ከጆሮ ጠቢ ሸሽተን የተሰደድን እኛ ደግሞ፣ ስማችን የሰፈረበት መዝገብ በማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅ ልማዳችን ነው።

እዚህ አሜሪካ የሕክምና መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከዞረ ቆይቷል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል የገባን ሕመምተኛ የሚያየው ሐኪም፣ የሚወስደውንና የማይስማማውን መድኃኒት ወዲያው ሊያገኝ ይችላል። አደጋውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቼንጅ ሄልዝኬር በተባለው የሕክምና ክፍያ አስተላላፊ ኩባንያ ላይ በተፈጸመው የኮምፒዩተር ዘረፋ የ190 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተጋልጧል። ዘራፊዎቹ የገቡት ከይለፍ ቃል ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ በማይጠይቅ መግቢያ ነበር።

ሕግስ የለም ወይ? አለ። በ1996 የወጣው ሂፓ የተባለው ሕግ ሐኪሞችን፣ ሆስፒታሎችን፣ ፋርማሲዎችንና የጤና ኢንሹራንሶችን ያስገድዳል። የመዝገባችንን ቅጂ ስንጠይቅ በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጡን ይገባል። ስህተት ካለበት እንዲታረም፣ ክሊኒኩም እኛ በመረጥነው ስልክ ወይም አድራሻ ብቻ እንዲያገኘን መጠየቅ እንችላለን።

ሕጉ የማይደርስበት ቦታ ግን አለ፤ እሱም የገዛ እጃችን ነው። የደም ምርመራ ውጤታችንን ፎቶ አንስተን «እስቲ ይህን እይልኝ» ብለን በቫይበር ወይም በቴሌግራም ስንልክ፣ ተቀባዩ ወዳጃችን ለሌላ ቢያስተላልፈው ሂፓ አይጠይቀውም። ማኅበረሰባችን ደግሞ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ነው። የኤች አይ ቪ ወይም የአእምሮ ሕመም ወሬ ከአንድ ስልክ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። ወሬውን የፈራ ሕክምናውን ያቋርጣል፤ ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው።

እናቶቻችንንም እናስብ። ለልጇ ልትነግረው የማትደፍረውን ሕመም፣ ልጇ እያስተረጎመ እንዴት ለሐኪም ትናገር? ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የሚመጣው የሰፈር ሰው እንዳይሆን የሰጋ ደግሞ በስልክ የሚያስተረጉም እንዲቀርብለት ይጠይቅ።

ምስጢርን ማስጠበቅ በሽታን መደበቅ አይደለም። ለሐኪሙ ሁሉን እንንገር፤ ለሌላው ግን ማን፣ ምን ያህል ማወቅ እንዳለበት የምንወስነው እኛው እንሁን።