የምድር የደኅንነት ወሰኖችና የላስታ ደጋ

የሰው ልጅ ተፈጥሮን ሳያናጋ የሚለማበትን ልክ በቁጥር ለማስቀመጥ ከተሞከሩት ሥራዎች ይበልጥ የታወቀው በስዊድናዊው ዮሐን ሮክስትሮም የተመራው ቡድን በ2009 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። ቡድኑ ዘጠኝ ወሰኖችን ለየ፤ ከእነዚህም የአየር ንብረት፣ ብዝኀ ሕይወት፣ የመሬት አጠቃቀም፣ ውኃ፣ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ዑደት ይገኙባቸዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ግምገማ ስድስቱ ታልፈው ነበር። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሰጠው ልክ ከሚሊዮን 350 እጅ ሲሆን ዛሬ ከ420 በላይ ደርሷል።

በወሎ የሚገኘው ላስታ ለዚህ የካርቦን ጭማሪ ያዋጣው ኢምንት ነው፤ ደጋው ልኩን ያለፈው በአፈሩ በኩል ነው። ሃንስ ሁርኒ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት ከኢትዮጵያ ደጋ የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር ይታጠባል፤ አፈር ተመልሶ የሚፈጠረው ከዚህ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ነው። ሀብታሞቹ አገሮች የናይትሮጅን ወሰን ያለፉት ማዳበሪያ በማብዛት ነው፤ በላስታ ግን ችግሩ ተቃራኒው ነው። እንጨት ስለጠፋ ኩበቱ ይነዳል፣ ገለባውን ከብት ይበላዋል፣ ማሳውም የሰጠውን መልሶ አያገኝም። ነባሩ ጽድና ወይራ የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው።

ውኃውም ከአፈሩ ጋር የተያያዘ ነው። ከላሊበላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በዋሻ ውስጥ በተሠራው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ከዐለቱ ጣራ የሚንጠባጠበው ውኃ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም በጸበልነት ይጠቀሙበታል። እንዲህ ያለ ውኃ የሚገኘው ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ በዐለት ስንጥቅ ሲወርድ ነው። አፈር በሌለበት ተዳፋት ግን ዝናቡ ሳይሰርግ በጎርፍ ወደ ተከዜ ይወርዳል።

እንግሊዛዊቷ ኬት ራዎርዝ በ2012 እ.ኤ.አ. የላይኛው ወሰን ብቻውን እንደማይበቃ አሳይታለች፤ ሰው ሊወርድበት የማይገባ የኑሮ ወለልም አለ። በወሎ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሱት ረሃቦች ይህ ወለል ሲደረመስ የታየባቸው ናቸው። ዝናቡ ቢቀርም፣ ለዕልቂቱ መስፋት የመንግሥት ዝምታና ጦርነት የነበራቸው ድርሻ ከድርቁ አይተናነስም።

ከ4,200 ሜትር በላይ በሚደርሰው በላስታው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የላይኛው ወሰንና የኑሮ ወለሉ ይጋጫሉ። የገብስ እርሻ ሽቅብ በሄደ ቁጥር ጓሳው ይጠባል፤ የቀይ ቀበሮም መኖሪያ አብሮ ያንሳል። ተፋሰስን ከሰውና ከከብት ንክኪ መከለል ሣሩን ይመልሳል፣ ጎርፉንም ያበርዳል፤ ነገር ግን ግጦሽ ያጣው ገበሬ ሣሩን አጭዶ መውሰድ ካልተፈቀደለት ክልከላው አይዘልቅም።