ራዳር እስከ የት ድረስ ያያል? በኮምፒውተር ስናሰላው



አያቴ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቤቷ ማማድ የለውም። አሽዶድ ውስጥ ሲረን ሲጮኽ ያለን ጊዜ 45 ሰከንድ ነው፤ ለእሷ ጉልበት ግን ደረጃው ሩቅ ነው። «ራዳሩን ጠንከር አድርገው ቢሠሩት ቀደም ብሎ አይነግረንም?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን በኮምፒውተር ፈለግሁት።

ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ አሽዶድ የደረሰው እኔ ሳልወለድ፣ በዲሴምበር 2008 እ.ኤ.አ. ነው። ከ2011 ጀምሮ የሚሠራውን የኪፓት ባርዜልን ራዳር የሠራው ኤልታ ደግሞ እዚሁ ከተማችን ይገኛል።

ራዳር እንደ ገደል ማሚቶ ነው። እናንተ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን ጎንደር ሳላችሁ ከተራራ ላይ ስትጣሩ ድምፃችሁ ገደሉን መትቶ ይመለስ ነበር። ራዳርም የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ አንድ ነገር መትቶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ 30 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ የሰከንድ 5,000ኛ እጅ ይበቃዋል።

ችግሩ ሞገዱ መድከሙ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሲሄድ 4 ጊዜ ይደክማል፣ ሲመለስም እንደገና 4 ጊዜ፤ ሲባዛ 16 ይሆናል። ኤክሴል ላይ የራዳሩን ኃይል፣ የአንቴናውን ስፋትና የሚፈለገውን ነገር መጠን ጻፍኩ። ኃይሉን እጥፍ ሳደርገው ርቀቱ በ19 በመቶ ብቻ ጨመረ! የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። እጥፍ ርቀት ለማየት 16 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። የሚፈለገው ነገር ትንሽ ከሆነማ ይብሳል፦ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከሚታይ ነገር መቶኛ ያህል ብቻ ሞገድ የሚመልስ ነገር የሚታየው 32 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ነው።

ምድርም ክብ ስለሆነች ትጋርዳለች። አንቴናው 16 ሜትር ከፍ ቢል መሬት ላይ ያለውን የሚያየው እስከ 16 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የባለሙያዎች ፕሮግራም ኮረብታውን፣ ዝናቡንና የባሕሩን ማዕበል ሁሉ ይጨምራል፤ የእኔ ይህን አያውቅም።

ከጋዛ ሰሜናዊ ጫፍ እስከ አሽዶድ ግን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በእኔ ስሌት፣ መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ ከዚህ ያለ ራዳር ሮኬቱ 11 ሜትር ያህል ከፍ እንዳለ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ጊዜው ያጠረው ራዳሩ ሩቅ ማየት ስላቃተው አይደለም፤ የሮኬቱ መንገድ አጭር ስለሆነ ነው። ሳይተኮስ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም።

ይህን ለአያቴ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማዋንና ነጠላዋን በሩ ሥር ታስቀምጣለች፤ እኔም አርብ ማታ እሷ ዘንድ አድራለሁ።