ከፍታ፣ ዳገትና ሰዓት፦ የጆሃንስበርግ አማተር ሯጮች

በጎዳና ላይ ሩጫ ለሜዳሊያና ለገንዘብ ሽልማት የሚፎካከሩት ከፊት የሚሰለፉ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከኋላ የሚከተለው አማተር ሯጭ፣ ማለትም በሌላ ሙያ እየተዳደረ ለጤናውና ለፍላጎቱ የሚሮጥ ሰው፣ ዋነኛ ተፎካካሪው ራሱ ነው። ይህ ሯጭ በአንድ በተወሰነ ርቀት ካስመዘገባቸው ሰዓቶች ሁሉ ፈጣኑ «የግል ምርጥ ሰዓት» ይባላል። ይህን ሰዓት ማሻሻል በየትኛውም ከተማ አድካሚ ቢሆንም፣ በደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ የከተማዋ ከፍታና የመንገዶቿ ዳገት ስለሚጨመሩበት፣ እዚያ የሚሮጥ ሰው ውጤቱን ከመመዘኑ በፊት ሰዓቱ የት እንደተመዘገበ ማጤን ይኖርበታል።

በደቡብ አፍሪካ የጎዳና ሩጫ በክለቦች ላይ የቆመ ሰፊ የሕዝብ ስፖርት ነው፤ ይሁን እንጂ ለሁሉም እኩል ክፍት የሆነው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 የተጀመረውና በደርባንና በፒተርማሪትስበርግ መካከል ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት የሚሸፍነው የኮምሬድስ ሩጫ፣ ጥቁሮችንና ሴቶችን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። የአፓርታይድ ሥርዓት በመፍረስ ላይ በነበረበት በ1991 የጆሃንስበርግ ክፍል በሆነችው ሶዌቶ የሶዌቶ ማራቶን ተጀመረ፤ በ1996 ደግሞ በከሰል ድንጋይ ማዕድን ማውጫ በጥበቃ ሠራተኛነት ይተዳደር የነበረው ጆሳያ ቱግዋኔ በአትላንታ ኦሊምፒክ ማራቶን አሸንፎ፣ ለአገሩ የኦሊምፒክ ወርቅ ያስገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ኮምሬድስን ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈው ብሩስ ፎርዳይስ በጆሃንስበርግ ዴልታ ፓርክ የአገሪቱን የመጀመሪያ «ፓርክረን» ሲያስጀምር፣ ማንም ሰው ቅዳሜ ጠዋት ያለ ክፍያ 5 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሰዓቱን የሚያስመዘግብበት ዕድል ተከፈተ።

ከከተማዋ ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ፈተና ከፍታ ነው። ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትኛውም ከፍታ 21 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን መጠን ስለሚያንስ፣ ለረጅም ጊዜ ኦክስጅን የሚፈልጉት ጡንቻዎች ቶሎ ይደክማሉ። በከፍታ የኖረ ሰው ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ስለሚጨምርለት ከእንግዳው ይሻላል፤ ሆኖም እሱም ቢሆን ረጅም ርቀት በከፍታ ሲሮጥ ዝቅ ባለ ቦታ ሊያስመዘግብ ከሚችለው ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ለዚህ አንድ ማሳያ በኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ ይገኛል፦ እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ቢቂላ በባሕር ዳርቻዋ ቶኪዮ የኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ማሞ ወልዴ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ሜክሲኮ ሲቲ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የከፍታው ውጤት ነው ባይባልም፣ ከፍ ባለ ቦታ የተገኘ ድል በሰዓት ብቻ ሊመዘን እንደማይችል ያሳያል።

ሁለተኛው ፈተና ዳገት ነው። የሶዌቶ ማራቶን ኤፍ ኤን ቢ ስታዲየም ካለበት ከናስሬክ አካባቢ ተነሥቶ፣ በክሪስ ሃኒ ባራግዋናት ሆስፒታልና ኔልሰን ማንዴላና ዴዝሞንድ ቱቱ በኖሩበት የቪላካዚ ጎዳና በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ ሯጩን በጣም የሚፈትኑት ዳገቶች የሚመጡት ሩጫው ሊያልቅ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። በዳገት የጠፋውን ጊዜ በቁልቁለት ማካካስ ይቻላል የሚለው ግምትም ትክክል አይደለም፤ ቁልቁለት ሲወረድ የጭን ጡንቻዎች ሰውነትን ለመግታት ስለሚሠሩ ይጎዳሉ፣ የሚተርፈውም ጊዜ ከጠፋው ያነሰ ይሆናል። በዚያ ላይ በጡንቻና በጉበት ተከማችቶ ለረጅም ሩጫ ዋነኛ ነዳጅ የሚሆነው ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ክምችት፣ በመንገድ ላይ በምግብና በመጠጥ ካልተደገፈ በብዙ ሯጮች ዘንድ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እየተመናመነ ስለሚሄድ፣ በሶዌቶ የነዳጁ ማለቅና የዳገቱ መጀመር በአንድ ጊዜ ይገጣጠማሉ።

እነዚህን ፈተናዎች ለመወጣት አማተሩ ሯጭ በመጀመሪያ እውነተኛ ግብ ያስፈልገዋል። ፒት ሪገል የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ያወጣው የታወቀ ቀመር፣ ርቀት በእጥፍ ሲያድግ ሰዓት ከእጥፍ በጥቂቱ እንደሚበልጥ ስለሚያሰላ፣ 10 ኪሎ ሜትርን በ50 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ተገቢውን ልምምድ ካደረገ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ማራቶንን ደግሞ በ3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አካባቢ ሊጨርስ እንደሚችል ይገመታል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሁለቱም ሩጫዎች በተመሳሳይ ከፍታና መልክዓ ምድር ሲካሄዱ ነው፤ በባሕር ዳርቻዋ ደርባን ሜዳማ መንገድ የተመዘገበ ሰዓት በሶዌቶ ዳገት የሚሆነውን አይተነብይም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ነገር የድፍን ቁጥር ጉጉት ነው። አራት ተመራማሪዎች ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ የማራቶን ውጤቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ እንደ 4 ሰዓት ያሉ ድፍን ሰዓቶች ሊሞሉ ጥቂት ሲቀራቸው የሚጨርሱ ሰዎች ቁጥር በጉልህ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ማራቶንን ከ4 ሰዓት በታች ለመጨረስ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ መሮጥ ሲያስፈልግ፣ ይህን ፍጥነት በየዳገቱ ሳይቀንሱ ለመጠበቅ መታገል ግን ጉልበትን ያለጊዜው ይጨርሳል። በዳገት ፍጥነትን ቀንሶ ድካምን እኩል ማድረግ የተሻለ በመሆኑ፣ የደቡብ አፍሪካ ሯጮች «ባስ» በሚሉት ቡድን ይጠቀማሉ፤ «ሾፌር» የሚባለው ልምድ ያለው አሯሯጭ የት መቀነስ፣ የት መጨመር እንደሚገባ እያሳወቀ፣ ተከታዮቹን በታቀደው ሰዓት ያደርሳቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። በጆሃንስበርግ የተመዘገበን ሰዓት በባሕር ዳርቻ ከተመዘገበ ሰዓት ጋር በቀጥታ ማወዳደር ሚዛናዊ ስላልሆነ፣ ዝግጅቱን በትክክል ለመለካት የሚፈልግ ሯጭ የዘንድሮውን የሶዌቶ ሰዓት ካለፈው ዓመት የሶዌቶ ሰዓት ጋር ማስተያየት፣ ፈጣን ሰዓት ብቻ የሚፈልግ ደግሞ በከፍታ ተለማምዶ ዝቅ ባለና ሜዳማ በሆነ ከተማ መወዳደር ይበጀዋል።

በከተማዋ መሃል ጄፒ በሚባለው የንግድ ሰፈር ከማለዳ እስከ ምሽት ለሚሠሩት ኢትዮጵያውያንም ይህ ስፖርት ቅርብ ነው። ብዙዎቹ ከጆሃንስበርግ ከፍ ባለ ምድር ያደጉ ከመሆናቸውም በላይ፣ የአበበና የማሞ አገር ልጆች ናቸው፤ ስለሆነም በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በአቅራቢያቸው ወዳለ ፓርክረን ሄደው የመጀመሪያ ሰዓታቸውን ያስመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ የሚያሻሽሉት የራሳቸው ሰዓት ይኖራቸዋል።