የግቢያችን በር ተቆልፏል፤ ዋይፋያችንስ?

ገላን ውስጥ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ አምስት አባወራ አለን። ውኃውም መብራቱም በአንድ ቆጣሪ ነው። ኢንተርኔት ሲገባም ያንኑ ልማድ ቀጠልን። መስመሩ በእኔ ስም ተመዘገበ፤ የወሩ ሒሳብ ለአምስት ተካፈለ፤ ፓስወርዱ ቡና ላይ ተነገረ። “ጎረቤት አይደለን እንዴ!” ተባባልን።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ኔትወርኩ መንፏቀቅ ጀመረ። ማታ ማታ ልጄ ለትምህርቷ የሚሆን ነገር ላውርድ ስትል ክቧ ብቻ ትሽከረከራለች። “መስመሩ ነው” እያልኩ ስማረር ከረምኩ። አንድ ቀን እስቲ ራሴ ልየው ብዬ በስልኬ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ጻፍኩና ወደ ራውተሩ ልገባ ሞከርኩ። የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ጠየቀኝ። ከሣጥኑ ጀርባ የተለጠፈውን “አድሚን፣ አድሚን” ብጽፍ እምቢ አለ። በገዛ ቤቴ፣ በስሜ በገባ መስመር፣ ደጅ ቀረሁ!

ነገሩን ቡና ላይ ሳነሣው የአንዱ ጎረቤቴ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ አንገቱን ደፋ። “ጋሼ፣ እኔ ነኝ የቀየርኩት። ጌም ስጫወት ሲቆራረጥብኝ የሌላውን ሰው ፍጥነት ቀነስኩት” አለ። አባቱ ተቆጥቶ ተነሣ። እኔ ግን ከንዴቱ ይልቅ ድንጋጤው ያዘኝ። ልጁ ምንም አልሰበረም፤ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ነው የገባው። ሌላ ሰው ቢሆንስ?

ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ራውተር ሁለት ቁልፍ እንዳለው ነው። አንዱ ዋይፋይ የሚያስገባን ነው፤ እሱን እንቀያይራለን። ሁለተኛው ግን የራውተሩ አስተዳዳሪ የሚያደርግ ነው፤ እሱን ከፋብሪካ እንደመጣ እንተወዋለን። ሁለተኛውን የያዘ ሰው ዲኤንኤስ የሚባለውን ማስተካከያ ለውጦ፣ የባንካችንን አድራሻ ስንጽፍ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራን ይችላል። ስልካችን “ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም” ብሎ ቢያስጠነቅቅም፣ ስንቶቻችን አንብበን እንመለሳለን? ደመወዙም ዕቁቡም በስልክ በሆነበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የፋብሪካ ፓስወርድ መዘዝ ዓለምም የቀመሰው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. “ሚራይ” የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ስልሳ የሚሆኑ የተለመዱ የፋብሪካ ስሞችንና ፓስወርዶችን ብቻ እየሞከረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጠረ። በእነሱም ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጎለ። በእኛም አገር ያልተፈቀደለት ሰው የሌላውን የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባቱ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ግን መስመሩ በስሜ ስለሆነ፣ በእሱ አንድ ጥፋት ቢሠራ መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ልሆን እችላለሁ።

ታዲያ ምን አደረግን? ያንኑ ልጅ ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ቀየርን፤ የማይገናኙ አራት ቃላት አጋጥመን ረጅም አደረግነው። የዋይፋዩን ጥበቃ ደብሊውፒኤ2 ላይ አደረግን (አዲስ ራውተር ያለው ደብሊውፒኤ3 ቢመርጥ ይሻላል)። በአንድ ቁልፍ መጫን የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስ ዘጋን። ራውተሩን ከውጭ ሆኖ ማዘዝ የሚያስችለውንም አጠፋን። ከዚያ “የእንግዳ ኔትወርክ” የሚለውን ከፍተን ጎረቤቶቼን ሁሉ ወደዚያ አዛወርን። ኢንተርኔቱን እንደ ድሮው ያገኛሉ፤ የእኔን ኮምፒዩተርና ፕሪንተር ግን አያዩም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፓስወርድ ጠፋብኝ ብላችሁ በመርፌ የሚጫነውን የሪሴት ቀዳዳ አትቸኩሉበት። የመስመሩ ማስተካከያም አብሮ ሊጠፋና ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሊቋረጥ ይችላል። መጀመሪያ አገልግሎት ሰጪያችሁን ጠይቁ።

ጎረቤቶቼ በመጀመሪያ ቅር አላቸው። “አላመንከንም ማለት ነው?” ያለኝም ነበር። “የግቢውን በር ማታ የምንቆልፈው እርስ በርስ ስለማንተማመን ነው?” አልኩት፤ ሳቀ። የጌሙም ነገር በስምምነት አለቀ፤ ልጄ አጥንታ ስትጨርስ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሆነ።

እናንተም ዛሬ ማታ ሣጥኑን ገልብጣችሁ እዩት። ጀርባው ላይ የተጻፈው አሁንም የሚያስገባ ከሆነ፣ ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ነው።