ዲግሪው መጋዘን ገብቷል፦ በአሶሳ የስደተኛ ተመራቂዎች የሥራ ፈቃድ ጉዳይ

ዕቃ መጋዘን ተቀምጦ ገዢ ሲያጣ ነጋዴን ምን ያህል እንደሚያንገበግበው ለዚህ ዓምድ አንባቢያን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በአሶሳና በዙሪያዋ ግን ማንጎም ሰሊጥም ያልሆነ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ገዢ አጥቶ ተቀምጧል። ይኸውም ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ተመርቀው ወደ መጠለያ ጣቢያ የተመለሱ ስደተኞች የያዙት ዲግሪ ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የሚመጣውን ሰው ማስተናገድ ከጀመረ ቆይቷል። በሆሞሻ ወረዳ የሚገኘው የሸርቆሌ ካምፕ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ባምባሲና ፆሬ ተከተሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ በኩርሙክ በኩል የገባውን ሕዝብ ለማስፈር ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የኡራ ጣቢያ ተጨምሯል። በእነዚህ ካምፖች አድገው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶች አሉ። ከፊሎቹን ያስተማረው ጀርመን ከዋነኞቹ ገንዘብ ሰጪዎች አንዷ የሆነችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረውና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚያስተዳድረው «ዳፊ» የተባለ የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። መንግሥትም የዩኒቨርሲቲዎቹን በር ከፍቷል። ወጪው ወጥቷል ማለት ነው። ጥያቄው ከምረቃው ማግስት ይጀምራል።

ልጁን ካናዳ ልኮ ያስተማረ አንባቢ ነገሩን ከዚያ በኩል ያውቀዋል። እዚያ አንድ የውጭ አገር ተማሪ ብቁ ከሆነ ተቋም ሲመረቅ በ180 ቀን ውስጥ ያመለክትና እስከ 3 ዓመት የሚያገለግል የሥራ ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ አይደለም። ልጁ ፈቃዱን ኪሱ ከትቶ ሥራ ፍለጋ ይወጣል።

በእኛ አገር ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው። ለተመራቂ ተብሎ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን የተቀመጠ የተለየ ፈቃድ የለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ነው። ዘመኑ 3 ዓመት ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል። የውጭ ሰው ለሥራው አያስፈልግም ተብሎ ሲረጋገጥም ይሰረዛል። በመሆኑም አስቀድሞ ቀጣሪ መገኘት አለበት፤ ፈቃዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቀጣሪው በበኩሉ «ፈቃድህን አሳየኝ» ይላል። እንዲህ እየተባለ ዓመት ያልፋል።

ሕጉ ስደተኛውን ረስቶታል ማለት ግን አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአንቀጽ 26 ዕውቅና ያገኘ ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ ተቀጥሮ የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ልኩም ለውጭ አገር ዜጎች ከሚፈቀደው እጅግ የተሻለው ነው። ከሩቅ ሲነበብ ያማረ ቃል ነው። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን «የውጭ አገር ዜጋ» የሚለው ሐረግ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ባለሀብት የውጭ ባለሙያ መቅጠር የሚችለው ተመሳሳይ ብቃት ያለው ኢትዮጵያዊ አለመኖሩ ሲረጋገጥ እንደሆነ ይናገራል። ሐሳቡ የታሰበው ከውጭ አገር በከፍተኛ ደመወዝ ለሚመጣው ማናጀርና ኢንጂነር ነው። አሁን በዚያው ሚዛን ላይ በባምባሲ ካምፕ ያደገውን፣ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀውን ወጣት እናስቀምጠው። በአሶሳ ሥራ ፈላጊ ኢትዮጵያዊ የሒሳብ ተመራቂ ሞልቷል። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው።

ታዲያ ወጣቱ ምን ይሠራል? አብዛኛውን ጊዜ ወደ ካምፑ ይመለስና በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ ወይም በዕርዳታ ድርጅት ቢሮ «ኢንሴንቲቭ» በሚባለው ክፍያ ይሠራል። ይህ በስሙ ደመወዝ አይደለም፤ ማበረታቻ ነው። ስሙ ደመወዝ ስላልሆነም በዚያው ክፍል አጠገቡ ከሚያስተምረው ኢትዮጵያዊ መምህር ክፍያ እጅግ ያነሰ ነው። የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን ለአንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ገበያ ሁለት ዋጋ አይጸናም ይሉን ነበር። እዚህ ግን ጸንቶ ኖሯል፣ ምክንያቱም ሻጩ ወደ ሌላ ገዢ እንዳይሄድ አጥር አለበት። ሌላው አማራጭ ከተማ ወጥቶ ያለ ወረቀት በእጅ በእጅ መሥራት ነው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ዋጋ አይከራከርም፤ ቢከለከልም ለማን ይከሳል?

አንዳንድ ነጋዴ ይህንን እንደ ትርፍ ሊቆጥረው ይችላል። የአሶሳው ኢትዮጵያዊ ተመራቂ ግን ኪሳራው የእሱ ነው። «ስደተኛ ሥራችንን ሊወስድብን ነው» የሚለው ቅሬታ ሲሰማ ጣት የሚቀሰረው በፈቃዱ ላይ ነው። እኔ ግን ፈቃድና ውል ይዞ በእኩል ደመወዝ ከሚወዳደረው ይልቅ ዋጋ የሚሰብረው ፈቃድ የሌለው ነው ባይ ነኝ። ወረቀት የሌለው ሠራተኛ በበዛ ቁጥር ወረቀት ያለው ዜጋ ደመወዝ ወደ ታች ይጎተታል።

ከዚህ ሁሉ የሚያወጣ አንድ ጠባብ በር አለ። ያው አንቀጽ 26 መንግሥትና ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ስደተኞችንና ኢትዮጵያውያንን በጋራ ለመጥቀም በነደፏቸው የገጠርና የከተማ ፕሮጀክቶች ላይ የሚሠራ ስደተኛ በፕሮጀክቱ ካለው ኢትዮጵያዊ እኩል እንዲስተናገድ ያዛል። ይህን የሚያመለክት የመኖሪያ ፈቃድም ይሰጠዋል። የኢትዮጵያዊ አለመኖር እንደ ቅድመ ሁኔታ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተበሰረው ትልቁ ዕቅድ 100 ሺህ የሥራ ቦታ ፈጥሮ 30 ሺሁን ለስደተኞች መስጠትን ያለመ፣ 500 ሚሊዮን ዶላር የተወጠነለት ነበር። ይሁንና ዕቅዱ ያተኮረው በኢንዱስትሪ ፓርኮች ላይ ነው። ሐዋሳና ኮምቦልቻ ደግሞ ለፆሬ ነዋሪ ሌላ አገር ናቸው።

የራሱን ሱቅ ወይም የሒሳብ ቢሮ ልክፈት ለሚለውስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች የሥራ መብት መመሪያ የግል ሥራን በስም ጠቅሶ ፈቅዶ ነበር። ነገር ግን ንግድ ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን «የውጭ ዜጋ» ብሎ የኢንቨስትመንት አዋጁን ከገለጠበት ብቻውን ለሚሠራ የውጭ ባለሀብት የተቀመጠው መነሻ ካፒታል 200 ሺህ ዶላር ነው። በራሽን የኖረ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? (ከአንባቢያን መካከልም ስንቱ ያመጣል?)

ለአሠሪው የሚጠቅመውን እናንሳ። አሶሳ የወርቅ ከተማ ነች። በኩርሙክ የአላይድ ጎልድ የማዕድን ፕሮጀክት አለ፣ እብነ በረዱም፣ አኩሪ አተሩም አለ። ንግዱ ድንበር ያቋርጣል፤ በርታው በሁለቱም በኩል ይኖራል፣ አረብኛ የገበያ ቋንቋ ነው። አማርኛና እንግሊዝኛን በትምህርት፣ አረብኛን ከእናቱ ያገኘ፣ የደማዚንን ገበያ የሚያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ «ተመሳሳይ ብቃት ያለው ኢትዮጵያዊ አለ» በሚለው መለኪያ ሲታይ ከተራው ተመራቂ ይለያል። አሠሪው ይህንን በማመልከቻው ላይ በዝርዝር መጻፍ አለበት። «አካውንታንት» ብሎ ብቻ የላከ መልሱን አስቀድሞ ሊገምት ይችላል።

ሰነዱን በተመለከተ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ይቀለዋል፤ አቻ ግምት አያስፈልገውም። ከካርቱም ወይም ከደማዚን ዲግሪውን ይዞ የመጣው ግን ትምህርቱን ማስገመት ይኖርበታል። ማስረጃውን የሚያረጋግጥለት ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ከተዘጋበት ደግሞ ጉዳዩ ይረዝማል። መታወቂያ ቀድሞ ትልቅ እንቅፋት ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የፋይዳ ቁጥር ለስደተኞች መሰጠት በመጀመሩ ባንክ ሄዶ ደመወዝ የሚገባበት ሒሳብ መክፈት ቀሏል። ከዚህ በተረፈ የጽሑፍ ውል፣ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት የሰጠው መታወቂያና ከካምፕ ውጭ ለመኖር የሚያስችለው ፈቃድ ይያያዛሉ። ማመልከቻው ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተጠቀሰው ሥራ ብቻ ስለሆነ ወጣቱ የተሻለ ቀጣሪ አግኝቶ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር ሒደቱ ከሀ ይጀመራል።