ጋዙ አላለቀም

ፍሪጁ ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ሲሞቅ፣ ወይም ታቹ ደህና ሆኖ ላይኛው ሥጋ ሲለሰልስ፣ ደብረ ታቦር ላይ ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፦ «ጋዙ አልቋል፤ ይሞላ።» አሁን አሁን ደግሞ ምክንያትም ተገኝቶለታል። ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ጋዝ ቶሎ ይተናል፣ በየዓመቱ ማስሞላት ግድ ነው ይባላል። ሳይንስ ሳይንስ ስለሚሸት ሰው አምኖ ይከፍላል። ከፍታው በእርግጥ ጣጣ ያመጣል፤ ጣጣው ግን የሚመጣው ጋዙ ላይ ሳይሆን ጋዙን በሚለካው መሣሪያ ላይ ነው።

የሚታወቀውን ቶሎ እንለፈው። ኮምፕሬሰሩ (ብዙ ሰው «ሞተር» የሚለው)፣ ከኋላ ያለው የሚሞቅ ቱቦ፣ ቀጭኑ ካፒላሪ እና ውስጥ ያለው ኢቫፖሬተር በብየዳ የታሸገ አንድ ዙር ናቸው። ጋዙ ኢቫፖሬተሩ ውስጥ ሲፈላ ሙቀት ይወስዳል፣ ከኋላ ተጨምቆ ሙቀቱን ይለቃል፣ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። አይቃጠልም፣ አያረጅም፣ አያልቅም። ካነሰ ፈስሷል ማለት ነው። ከፈሰሰ ደግሞ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይፈለግ የተሞላው ሁሉ በዚያው ይወጣል። ቀዳዳውን ብዙ ጊዜ የምናበጀው እኛው ነን፤ በረዶ በቢላዋ ስንፍቅ ስሱን አሉሚኒየም እንበሳዋለን።

ወደ ደብረ ታቦር እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ብርድም አይርቃትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ እሳት የማይነድበት ሳሎንም አብሮ ይቀዘቅዛል። ብዙ ባለ ሁለት በር ፍሪጆች ደግሞ ያላቸው አንድ ቴርሞስታት ነው፤ የሚለካውም የታችኛውን ክፍል ብቻ ነው። ሳሎኑ 8 ዲግሪ፣ ታችኛው ክፍል 5 ዲግሪ ቢሆን በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ሙቀት የለም ማለት ይቻላል። ቴርሞስታቱ «በቂ ነው» ብሎ ኮምፕሬሰሩን ለሰዓታት ያስተኛዋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መቆየት ያለበት ፍሪዘር ግን ከሳሎኑ በ26 ዲግሪ ይለያል፤ ሙቀት ያለማቋረጥ ይገባበታል። ጠባቂው ተኝቷል። ጠዋት ታቹ እንደወትሮው ነው፤ ላይ ያለው ሥጋ ለስልሷል። ይህ ብልሽት አይደለም። ጋዝ ቢጨመርበትም ፈውስ የለውም፤ ኮምፕሬሰሩ የቆመው ጋዝ አጥቶ ሳይሆን የሚያስነሳው ሙቀት አጥቶ ነው።

ፋብሪካዎቹ ይህን ያውቃሉ። በፍሪጁ ውስጥ ወይም ጀርባ ላይ ያለው መለያ የአየር ንብረት ምድቡን በላቲን ፊደል ይጽፋል። «ቲ» የተባለው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ለሚደርስ ክፍል የተሠራ ነው፣ «ኤስኤን» ደግሞ ከ10 እስከ 32። ሻጩ «ለአፍሪካ የተሠራ» እያለ የሚያሞግሰው «ቲ» ለአፋር ይበጃል፤ ለደብረ ታቦር ሌሊት አልታሰበም። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ ፍሪጁን ሙቀት ወዳለው ክፍል ማዛወር። ቁልፉን ወደ ከፍተኛ ቁጥር ማዞር ላዩን ቢያድነውም ታች ያለውን ሰላጣ በረዶ ያደርገዋል።

ተቃራኒው ጉዳይ፣ ማለትም ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ የሚሞቀው፣ በኖ ፍሮስት ፍሪጆች ላይ ይበዛል። እነዚህ ቅዝቃዜውን የሚያከፋፍሉት በማራገቢያ ነው። በክረምቱ እርጥብ አየር፣ በላላ የበር ጎማ ወይም ትኩስ ድስት በማስገባት የመጣ እንፋሎት ከሽፋኑ ኋላ ባለው ኢቫፖሬተር ላይ በረዶ ይሆናል። በረዶውን በየጊዜው የሚያቀልጥ ማሞቂያ አለ። ማሞቂያው ከተቃጠለ፣ ወይም ሰዓት ቆጣሪው ከቆመ፣ በረዶው የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። የቆዩት ሜካኒካል ቆጣሪዎች መብራት ሲጠፋ አብረው ስለሚቆሙ፣ የማቅለጫው ሰዓትም እየዘገየ ይሄዳል።

ለዚህ ገንዘብ የማያስወጣ ምርመራ አለ። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ሥሩ ጨርቅ አንጥፎ አንድ ሙሉ ቀን ማሳደር። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ጥሩ ሠርቶ ከተመለሰበት ጉዳዩ የበረዶ ማቅለጫው ነው። የፈሰሰ ጋዝ በረዶ ስለቀለጠ አይመለስም። ይህን ያልጠየቀ ሠሪ ጌጅ (የጋዙን ግፊት የሚለካውን መሣሪያ) ይዞ ሲመጣ ትዕግሥቴ ያልቃል።

አሁን ወደ ጌጁ። ጋዝ በእርግጥ የሚያንስበት ጊዜ አለ፤ ምልክቱም ግልጽ ነው። ኮምፕሬሰሩ አያርፍም፣ ኢቫፖሬተሩ ደግሞ መግቢያው ላይ ብቻ በረዶ ሠርቶ ቀሪው ባዶ ይሆናል። ውኃ ያነሰው የመስኖ ቦይ ራሱ ላይ ያለውን ማሳ አጠጥቶ ጭራው ላይ እንደሚደርቅ ማለት ነው። ጋዙ ገና መንገድ ላይ ፈልቶ ያልቅና ከዚያ በኋላ ያለው ቱቦ የሚወስደው ሙቀት የለም።

ጋዝ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚወስነው ቱቦው ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት ነው። የታሸገ ቱቦ ውስጥ ያለ ጋዝ ደብረ ታቦር ይሁን ጅቡቲ አያውቅም። ጌጁ ግን ያውቃል፤ የሚያነበው በቱቦው ውስጥ ባለው ግፊትና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነውና። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ 10.6 ገደማ። ውኃችን በ91 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላችንም እሳት የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው።

«አር 134 ኤ» የተባለውን ጋዝ እንውሰድ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንዲፈላ 19.2 ፒኤስአይ ፍጹም ግፊት ይፈልጋል። ጌጁ ባሕር ዳርቻ ላይ 4.5 ያነባል፤ ደብረ ታቦር ላይ 8.6። ሠሪው በውጭ መመሪያ ላይ ያየውን 4.5 ይዞ እዚህ ከሞላ፣ ጋዙ ከዜሮ በታች 26 ገደማ ላይ ይፈላል። የበለጠ ቀዘቀዘ ማለት ነው? መግቢያው ላይ፣ አዎ። ግን የተሞላው ስላነሰ መጨረሻው ደረቅ ነው። ሊጠገን የመጣው ያልተስተካከለ ቅዝቃዜ በጥገናው ተፈጠረ፤ በዓመቱም «ጋዙ ተነነ» ይባላል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ብየዳ የማልችል የሙቀት ፊዚክስ ሰው ነኝና። የአዲስ አበባ ከፍታ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ከደብረ ታቦር የሚለየው በግማሽ ፒኤስአይ ያህል ነው፤ ሙያውን እዚያ በልምድ የተማረ ሠሪ ቁጥሮቹ እዚህም ይሠሩለታል። የካፒላሪ ፍሪጅ ግፊት በክፍሉ ሙቀትና በውስጡ ባለው ዕቃም ስለሚለዋወጥ፣ አንድ «ትክክለኛ» ቁጥር መፈለግ ራሱ አጠያያቂ ነው። ጌጁን ትተው ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰውን ቱቦ እየዳሰሱ የሚሞሉ የቆዩ ሠሪዎችም አሉ። በዚህ የሚያሾፉ የሙያ ባልደረቦቼን አልደግፍም፤ ፍሪጁ ሙቀቱ እስኪረጋጋ ድረስ ከጠበቁ ዳሰሳው ከጌጅ ቁጥር ይሻላል። ቢሆንም ከሁሉም የሚታመነው ሚዛን ነው። መለያው ላይ ስንት ግራም እንደሚያስፈልግ ተጽፏል፤ ቱቦው በቫኪዩም ፓምፕ ከተራገፈ በኋላ ያን ያህል መዝኖ ማስገባት ነው። ግራም በከፍታ አይቀየርም።

በአዳዲሶቹ ፍሪጆች ጉዳዩ ይብሳል። ብዙዎቹ «አር 600 ኤ»፣ ማለትም አይሶቡቴን ይጠቀማሉ፤ መጠኑ ጥቂት አሥር ግራም ነው፣ ተቀጣጣይም ነው። ይህ ጋዝ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሲፈላ ያለው ፍጹም ግፊት 10.5 ፒኤስአይ ነው፤ የደብረ ታቦር አየር ራሱ ያህል። ስለዚህ በጤና የሚሠራ ፍሪጅ ላይ ኮምፕሬሰሩ እየዞረ ጌጅ ቢሰካ መርፌው ዜሮ ላይ ይቆማል። ሠሪውም ለባለቤቱ ዜሮውን ያሳይና «ይኸው፣ ባዶ ነው» ብሎ በሞላው ላይ ይጨምርበታል፤ ትርፉ ፈሳሽም ሳይፈላ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል።